ሰላምታ የማትመልስ ምራት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ሰው ምላሱ ሥር የመስታወት ዘንግ ወሽቆ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ "ወአለይኩም ሰላም" ማለት ይችላል? አይችልም። እኔም አልቻልኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። በዚህች ጥፋት ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠብኝ፣ ከትዳሬ ተነስቼ ወሰን ሰፈር ያሉት አጎቴ ቤት ተላክሁ፣ ወጥ የማታውቅ ሴት ተባልኩ፣ በመጨረሻም ለገዛ እናቴ ያልነገርኩትን ነገር አንድ ቤት ሙሉ ሰው ፊት በጩኸት ዘረገፍኩት።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ አለዚያ እናንተም እንደ ሰፈሩ ሰው ትታዘቡኛላችሁ።

ከማልን ካገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከማል የመንግሥት ጭነት መኪና ሹፌር ነው። አሰብ ይወርዳል፣ ጭኖ ይወጣል፣ ልብሱን ቀይሮ ደግሞ ይወርዳል። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጥግ ላይ ነው። ቤት ስላችሁ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ከማል፣ ከመጋረጃው ወዲያ የከማል እናት እማማ ሐዋ። እማማ ክፉ ሴት አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ተናድጄ የምለውን ሁሉ እንዳታምኑኝ ነው። ክፉ አይደሉም፤ ብቻ ሁሉን ይሰማሉ፣ የሰሙትን ለጎረቤታችን ለጽጌ ይነግራሉ፣ ጽጌ ጆሮ የገባ ነገር ደግሞ እዚያው አያድርም።

ልጅ አልመጣልንም። የወር አበባዬ እንደ ከማል ነው፤ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ሦስት ወር ይጠፋል፣ የት ከረምክ ቢሉት መልስ የለውም። እማማ ይህን የሚከታተሉት በሰላቴ ነው። በእኛ በሙስሊሞች ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ መስገድ ታቆማለች። ስለዚህ እኔ ሁለት ወር ሳላቋርጥ በሰገድኩ ቁጥር የእማማ ዓይን ሆዴ ላይ ይተከላል። ባልዲ አታንሺ ይሉኛል፣ ከወጡ ውስጥ ሥጋ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፉልኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ለሱብሂ ሰላት ሳልነሳ እቀራለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ "እህህ" የሚል ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ትራሴን ነክሼ አለቅሳለሁ። ልጅ እፈልግ ነበር፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቆሜ እስከማዳምጥ ድረስ እፈልግ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የከማል ባልደረባ ሚስቱን ያሳከመበት ሐኪም አለ ብሎ ነገረንና ሄድን። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ ገና የተመለሰ ወጣት ነው። ሲናገር ሰው አያይም፣ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ጠየቀኝ፣ ሆዴን ነካካኝ፣ ደም አስወሰደኝ፣ ከዚያ ለጠረጴዛው እንዲህ ሲል ነገረው፦

"እንቁላል አላት። ችግሩ በስሎ አይወጣም። እዚያው ተሰብስቦ ውሃ እየቋጠረ ይቀራል።"

"እንቁላል?" አለ ከማል ክው ብሎ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ብቻ ትመስለው ነበር።

"ሴት ሁሉ አላት" አለ ሐኪሙ።

በሽታው ስም እንዳለው ጠየቅኩ። አለው፤ የሁለት ፈረንጅ ሐኪሞች ስም ነው አለኝ። ሁለቱም ወንዶች! እኔ አምስት ዓመት ያለቀስኩበትን ነገር ሁለት ወንዶች መጥተው ስማቸውን ለጥፈውበት ሄደዋል። በዚያች ደቂቃ መናደድ ጀመርኩ፣ ልጄ እስክትወለድም አላቆምኩም።

ሕክምናው ቀላል ነው ተባለ። እንቁላሉን የሚቀሰቅስ ኪኒን አለ፤ ለጥቂት ቀን ይዋጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ክብደት ልቀንስ፣ ዳቦና ስኳር ልተው፣ በእግሬ ልሂድ ተባልኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘወትር ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ፣ ውሃ ሳልቀምስ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር፣ የሙቀት መለኪያውን ምላሴ ሥር አድርጌ መቆየት አለብኝ። "ዝቅ ብሎ ያገኘሽው ቀን፣ በዚያው ቀን ከባለቤትሽ ጋር መሆን አለብሽ" አለ ለጠረጴዛው። "ከዚያ ከፍ ካለ አልፏል፤ ሌላ ወር መጠበቅ ነው።"

ኪኒኑ አዲስ አበባ ውስጥ ጠፋ። ከማል አሰብ ወደብ ላይ አንድ መርከበኛ ለምኖ፣ መርከበኛው ሄዶ እስኪመለስ ስንት ወር ጠብቆ አመጣልኝ፤ ለሁለት ወር ብቻ የሚበቃ። የመጀመሪያው ወር የሚፈለገው ቀን ሲደርስ እኔ የካ፣ ባሌ አዋሽ በረሃ ላይ ጎማው ፈንድቶ ተቀምጦ ነበር። ሙቀቱ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ አለፈ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንቁላሉን ደህና ሁን አልኩት። እንግዲህ የቀረችን የአንድ ወር ኪኒን ናት። ከማል የስምሪት ኃላፊውን ቤቴ ሊፈርስ ነው፣ ጣሪያ ልጠግን ነው ብሎ ለምኖ ፈቃድ ወሰደ። እስከ እሑድ ቤቱ ነው፤ ሰኞ ማለዳ ከኮንቮይ ጋር ይወርዳል። መቼ እንደሚመለስ የኮንቮይ ነገር አይታወቅም።

"ለማንም አንናገርም" ተባባልን። "እናቴ ከሰማች" አለ ከማል፣ "ወሬው ከእኛ ቀድሞ አሰብ ይገባል።"

የመጀመሪያው ወር እማማ ወራቤ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ስለነበር ጠዋት ጠዋት አፌን ብዘጋም የሚታዘበኝ አልነበረም። በሁለተኛው ወር ግን ተመልሰዋል። የእማማ ልማድ ደግሞ ሌሊቱ ሳይነጋጋ ተነስተው፣ ለሰላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው "አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ ተነሽ" ማለት ነው። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን በጀርባዬ ተጋድሜ፣ አፌን ገጥሜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ አያቸዋለሁ። ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ፤ በጨለማ ማን ያየኛል? በማግስቱ "እምም" አልኩ። ይህ ደግሞ ባሰ። እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት፤ አማታችሁ በአላህ ስም ሰላም ሲሏችሁ "እምም" በሉ፣ ከዚያ የሚመጣውን እዩ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ተሸፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። እማማ ትከሻዬን ይዘው ወዘወዙኝ፣ ያ ዘንግ ላንቃዬን ወጋኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እማማ እንባዬን በኩራዝ አዩት።

"ያ ረብ! ልጅቷ አኩርፋለች" አሉ።

ከማልስ? ትሉኝ ይሆናል። ከማል አጠገቤ እንደ ግንድ ተጋድሞ ያንኮራፋል። መኪናው ካልተነሳች በስተቀር የማይነሳ ሰው ነው። ሲነሳም መለኪያውን ከአፌ ነጥቆ መስኮት ጋ ይዞ ይሄድና እንደ ራዲያተር ሙቀት ያነበዋል፤ "ገና ነው" ይለኛል በሹክሹክታ። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ የሚሰሙት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሹክሹክታ ደግሞ በእኛ ሰፈር የጠብ ድምፅ ነው።

ጽጌ የጎደለውን ሞላችላቸው። "እማማ፣ ምግብም ትታለች እኮ፣ ዳቦ ስሰጣት አልበላም አለችኝ!" እውነት ነው፤ ሐኪሙ ዳቦ ተይ ብሎኝ የለ። ሰላምታ እምቢ፣ ምግብ እምቢ፤ ከዚህ በላይ ኩርፊያ ምን አለ? በዚያ ላይ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ብቻዬን እወጣለሁ፤ በእግርሽ ሂጂ ተብያለሁ። አንድ ቀን ከላይ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ሴት አስቆመችኝ።

"የት ነው የምትሄጂው እህቴ?"

"ወደ ላይ።"

"ምን ልታመጪ?"

"ምንም።"

ሸክሟን ደገፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ባዶሽን ወጥተሽ ባዶሽን ልትወርጂ? ሥራ አጥተሻል ወይስ ጤና አጥተሻል?" ብላኝ ሄደች። ጽጌ ይህንንም ሰማች። እንዴት እንደምትሰማ አትጠይቁኝ። "ጫካ እየገባች ታለቅሳለች" ተባለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ስወርድ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ተደርድረው አገኘሁ። አንዱ ሼህ ኑሪ ናቸው፤ ከማልን ከሕፃንነቱ የሚያውቁ፣ ሲናገሩ ቃል በቃል ዝግ የሚሉ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታችን አቶ ወልዴ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ናቸው፤ ማንኛውም ነገር አጀንዳ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ከወሰን ድረስ የተጠሩት አጎቴ ናቸው፤ በእኔ ወገን የተቀመጡ፣ ግን ከሁሉ በላይ በእኔ የተቆጡ።

"እኔና እሷ አልተጣላንም!" ይላል ከማል።

"አልተጣላንም ማለት" አሉ ሼህ ኑሪ፣ "የልብ... ጠብ ነው። የአፍ ጠብ... ይሻላል።"

"ጓድ ከማል ችግሩን እየሸፋፈነ ነው" አሉ አቶ ወልዴ። "ሂስና ግለ ሂስ ያስፈልጋል።"

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ምን ብዬ ልናገር? ሐኪም ቤት ሄጃለሁ ብል የማነው ችግሩ ይባላል። የእኔ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ለከማል ሌላ ሚስት መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴም ማስረጃ ሆነብኝ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ነገሩ እስኪጣራ ባልና ሚስት ለየብቻ ይቆዩ፣ እኔም አጎቴ ዘንድ ልሁን ብለው ወሰኑ። አይገርማችሁም? ኪኒኑን ውጬ ጨርሻለሁ፣ ቀኑ ዛሬ ይሁን ነገ እየተባለ ይጠበቃል፣ ሽማግሌ መጥቶ አልጋዬን ለሁለት ከፈለው!

ወሰን ሄድኩ። ጠዋት መለኪያዬን አፌ ከተትኩ። የአጎቴ ሚስት ገቡና "እንዴት አደርሽ?" አሉኝ። ዝም። ወጡና ለአጎቴ "እኛንም አኩርፋናለች" ብለው ነገሩ።

ሐሙስ ከማል ጎማ ሊያስለጥፍ ነው ብሎ አጎቴ ቤት አጠገብ ካለው ጋራዥ መጣ። በአጥሩ ሥር ተጠራራን። የአጎቴ ሚስት በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው እህል ይለቅማሉ፤ እህሉን ሳይሆን እኛን ነው የሚለቅሙት።

"ዝቅ አለ?" አለኝ ከማል።

"ገና ነው።"

"ስሚ፣ ጠብ ካልሰጠናቸው አይለቁንም። አንድ ቀላል ጠብ እንፍጠር። ነገ ይቀመጡ፣ ጥፋተኛ ነኝ ልበል፣ ጉልበትሽን ስሜ ይለቁን።"

"ምን ልትል ነው?"

"ማታ እያመሸሁ መጣሁባት እላለሁ።"

ጥሩ ነው አልኩ። አያችሁ፣ ያኔ ባሌን አምን ነበር።

ዓርብ እኛ ቤት ተቀመጡ። ሼህ ኑሪ ከማልን ነገሩን ተናገር አሉት። ከማል ተነሳ፣ ላቡ ወረደ፣ ስንት ቶን ጭኖ ታርማ በር ቁልቁለት ላይ የማይደነግጥ ሰው ሦስት ሽማግሌ ፊት የሚለው ጠፋው። የተስማማንበትን ረሳው! ዓይኑን አንከራተተና፣

"ወጧ... ጨው ይበዛዋል" አለ።

ወደ ከማል ዞርኩ።

"ምን አልክ?" አልኩ።

"ጨው ነዋ። ሁልጊዜ አይደለም። አልፎ አልፎ።"

"አምስት ዓመት ሙሉ ሳህኑን በእንጀራ ጠርገህ ስትበላ ጨው ይበዛ ነበር?"

"ርቦኝ ነዋ!"

እውነተኛው ጠብ በዚህ ተጀመረ። እኔ ስለ እግሩ ሽታ ተናገርኩ። እሱ እህቴ ስትመጣ ስለማፈላው ስኳር የበዛበት ሻይ ተናገረ። እኔ የሠርጋችን ቀን ስለዘገየበት ሰዓት ተናገርኩ። ያስቀመጥኩት ሁሉ እየተግተለተለ ወጣ። ሼህ ኑሪ ደስ አላቸው፤ "አሁን ገና... ወጣ" አሉ። አቶ ወልዴ ነጥብ እየያዙ ነበር፤ "መሠረታዊ ቅራኔ አለ" አሉ። ነገሩ ከታሰበው በላይ የከበደ ስለሆነ ለእሑድ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ተቀጠረ። እኔም ወደ ወሰን ተመለስኩ፣ በዚህ ጊዜ ከልቤ ተናድጄ።

እሑድ ጠዋት መለኪያው ዝቅ አለ።

ደግሜ አየሁት። ወደ መስኮት አዙሬ አየሁት። ዝቅ ብሏል። ዛሬ ነው። ነገ ማለዳ ከማል ይሄዳል፣ ኪኒኑ አልቋል፣ መርከበኛው የትኛው ባሕር ላይ እንዳለ አላህ ያውቃል። በከማል ላይ የነበረኝ ንዴት የት እንደገባ እንጃ። ቀኑን ሙሉ አጎቴን "አይረፍድብንም?" እያልኩ ነዘነዝኳቸው። የአጎቴ ሚስት "ይቅርታ ልትጠይቅ ቸኩላለች፣ ጥሩ ምልክት ነው" አሉ።

የካ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ከማልን አየሁትና ራሴን ዝቅ አደረግኩለት፤ ገባው፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። በጥድፊያ ተነስቶ "ጥፋተኛ ነኝ፣ ጨው አይበዛም፣ ይማሩኝ" አለ። አበቃ ብላችሁ ታስባላችሁ? ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ የሚረካ መስሏችሁ? አቶ ወልዴ ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል አሉ። አጎቴ ስለ ሰላምታው ምንም አልተባለም አሉ። ሼህ ኑሪ ስለ ትዳር ምክር ጀመሩ፤ ከነቢዩ አዳም ጀመሩ። መሸ። ኩራዝ በራ። ሼህ ኑሪ ገና ነቢዩ ኑህ ጋ አልደረሱም።

ያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ውጭ የተገኘ ሰው የሚገጥመውን የዘመኑ ሰው ያውቀዋል፤ እንግዳ አምሽቶ ከተቀመጠ ያለበት ቤት ያድራል። አጎቴ ሰዓታቸውን አዩና ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ዛሬ የምንሄድ አይመስለኝም፤ እዚሁ እናድራለን። ወንዶቹ ከከማል ጋር በዚህ በኩል፣ እሷ ከእማማ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ።"

"ጥሩ... ሐሳብ ነው" አሉ ሼህ ኑሪ። "ጠዋት... እንጨርሳለን።"

ያን ጊዜ አንጀቴ አረረ። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

"አታድሩም! ዛሬ ነው! ዛሬ ካልሆነ አለቀ!"

"ምኑ ነው ዛሬ?" አሉ አጎቴ።

"ልጁ! ልጅ ልንወልድ ነው እኮ! ማንንም አላኮረፍኩም! ሐኪም አፍሽን ዘግተሽ ሙቀትሽን ለኪ ብሎኝ ነው! ዳቦ ተይ ብሎኝ ነው! ኪኒን ውጬአለሁ፣ ሌላ ኪኒን የለም፣ ቀኑ ዛሬ ነው፣ ነገ ባሌ አሰብ ይሄዳል፣ እናንተ ደግሞ አልጋዬ ላይ ልትተኙ ነው! እኔ ነኝ የማልወልደው፣ እሱ አይደለም፤ ይኸው ተናገርኩ፣ አሁንስ በቃችሁ?"

ስጨርስ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። አጎቴ ጣሪያውን ያያሉ። አቶ ወልዴ እስክሪፕቶአቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። መጀመሪያ የተናገሩት ሼህ ኑሪ ናቸው፤ ዝግታቸው ጠፍቶ በአንድ ትንፋሽ፣

"ታዲያ እዚህ ተቀምጠን ምን እንሠራለን? ተነሱ!" አሉ። ዱዓውን ጫማቸውን እያጠለቁ አደረጉት። አቶ ወልዴ አጎቴንና ሼህ ኑሪን ወደ ቤታቸው እየጎተቱ "አጀንዳው ተዘግቷል" አሉ።

እማማ ጋቢያቸውን አንስተው ወደ ጽጌ ቤት ሊሄዱ በሩ ላይ ቆሙ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ብቻሽን ይህን ሁሉ ስትሸከሚ እኔ ባዳ ነኝ? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ማን ሌላ ሚስት ያመጣል ብለሽ ነው? እኔ ቤት አንቺን አስወጥቶ የሚያስገባ አለ?" ከዚያ መለስ አሉና፣ "የጨውን ነገር ግን ልጄ እውነቱን ነው" ብለውኝ ወጡ።

ቀረን፣ እኔና ከማል። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውጭ ጽጌ ልጆቿን "ዝም በሉ! ድምፅ እንዳልሰማ!" እያለች ታሳድዳለች። አቶ ወልዴ ለቀበሌው ጥበቃዎች "በዚህ ቤት በኩል ፊሽካ እንዳይነፋ" ሲሉ ይሰማል። ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እኛን ይጠብቃል።

"እኔ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሞተር አይነሳልኝም" አለ ከማል።

ሳቅ አፈነኝ። እሱም ሳቀ። ብርድ ልብሱን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያለው እናንተን አይመለከትም።

ከማል ሄደ። መጠበቅ ጀመርኩ። የወር አበባዬ ቀረ። ለሌላ ሴት ይህ ዜና ነው፤ ለእኔ ግን መቅረት ልማዱ ነው። ሰፈሩ ግን በጣቱ ይቆጥራል። ውሃ ስቀዳ ይጠይቁኛል፣ ቀበሌ ሱቅ ስሰለፍ ይጠይቁኛል፤ አቶ ወልዴ ሳይቀሩ "ሁኔታው እንዴት ነው?" ይሉኛል። እማማ ብቻ አልጠየቁኝም፤ በየጠዋቱ ስሰግድ አጠገቤ ቆመው ይሰግዳሉ፣ አንዲት ቃል አይናገሩም። አንድ ጠዋት የሽንኩርት ሽታ አስታወከኝ። ጨጓራ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን እማማ እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ ሽንቴ ተመረመረ። ነርሷ "እርጉዝ ነሽ" ስትለኝ "እንደገና ይታይ" ብዬ ተጣላኋት። እማማ መሬት ላይ ተደፍተው ሱጁድ ወረዱ፣ የጤና ጣቢያው ወለል እርጥብ ነበር። እኔ ግን አላመንኩም፤ ልጄ ወጥታ ስትጮህ ነው ያመንኩት።

ይህ ሁሉ ሲያልፍ ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? ኪኒኑ አሉ? ሐኪሙ አሉ? የለም። "ሽማግሌ ፊት ተጣልታ ነው የወለደችው" ተባለ። ጽጌ ነገሩን እንዲህ አሳመረችው፦ ባልና ሚስት ጠብ ሲያምቁ ልጁ ይታፈናል፣ የታመቀው ሲወጣ ልጁም ይወጣል። ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ጮኼያለሁ፣ ይበቃኛል ብዬ፣ የሐኪሙን ነገር ዳግመኛ አላነሳሁም።

ልጄ መዳህ ስትጀምር አንዲት የወሰን ልጅ ቤቴ መጣች። ወጣት ናት፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። አስካለ እባላለሁ አለች፤ በሩ ላይ ቆማ ልጄን ታያለች።

"እትዬ፣ እንዴት ነው የተጣላሽው?" አለችኝ።

"ምን?"

"እኔም ተጣላሁት። ልጅ እንዲመጣልን ብዬ። ያልሆነውን ሁሉ ተናገርኩት። ሽማግሌ ቢያስታርቀንም እሱ ግን ቂም ያዘ። እናቴ ቤት ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ምን አጥፍቼ ነው? ምን ብዬ መጣላት ነበረብኝ?"

ደሜ ፈላ። በጽጌ፣ በሰፈሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዝም ባልኩት በራሴ። ወደ ውስጥ አስገባኋት፣ በሩን ዘጋሁ። የወር አበባሽ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ አለች። እጄን ሰድጄ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ላወርድ ስል አጥብቃ ያዘችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያኔ ገባኝ፤ እሷም እንደ እኔ ናት። ለእናንተም ይህን ሁሉ ስቀድ አንዱን ነገር ደብቄያችኋለሁ። ከማል አያውቀውም፣ እማማ አያውቁትም፣ ለሐኪሙ እንኳ ጠረጴዛውን እያየ ስለነበር አልነገርኩትም። ሻሼን ፈታሁ። አገጬን ወደ ብርሃኑ አዞርኩና የልጅቷን እጅ ይዤ አስነካኋት፤ በመስታወት ፊት በወረንጦ ስነቅለው የኖርኩት፣ ተነቅሎ የማያልቅ፣ እንደ ወንድ ጢም የሚኮሰኩስ ፀጉር።

አስካለ ጣቷን አላነሳችም። ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ የራሷን ነጠላ በገዛ እጇ አወረደች።

"እኔ ብቻዬን መስሎኝ" አለች።

"እኔም" አልኳት፣ እና ሁለታችንም አለቀስን። ማክሰኞ ጠዋት እጇን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት፤ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ሲያይ "ዶክተር፣ ቀና በልና እያት!" አልኩት።